ጋሽ ላጲስ ያጸዳው ኖታ

እናቱ ያወጣችለት ስም ነበረው፤ የሚያውቀው ግን የሠራተኞች መዝገብ ብቻ ነው። የቀረው ዓለም፣ ከኦርኬስትራው መሪ ጀምሮ እስከ አዳራሹ ዘበኛ ድረስ፣ ጋሽ ላጲስ ይለው ነበር። በክፋት የወጣ ስም አይደለም። ሰው በሥራው ይጠራል፤ የሱ ሥራ ደግሞ ማጥፋት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኦርኬስትራ የሚጫወተው ከወረቀት ነው፤ እያንዳንዱ ተጫዋች የየራሱ ኖታ አለው። በልምምድ ቀን ሁሉም እርሳሱን ይዞ ኖታው ላይ ይሞነጫጭራል፦ እዚህ ጋ ቀስ፣ እዚህ ጋ ትንፋሽ ሳብ፣ እዚህ ጋ መሪዋን እያት፣ እዚህ ጋ ነፍስህን አድን። ኮንሰርቱ ሲያልቅ ወረቀቱ ሁሉ ምድር ቤት ወዳለው የኖታ ክፍል ይወርዳል። ጋሽ ላጲስ መብራቱን ያስጠጋል፣ በግራ እጁ ጠርዙን ይወጥራል፣ በቀኙ መስመሩን ተከትሎ ወደ ጎን ብቻ ያሻል። ወደ ላይና ወደ ታች የሚያሽ ሰው ወረቀት ገዳይ ነው ይላል። ፍርፋሪውን በጺም መላጫ ብሩሽ ጠርጎ ሲጨርስ ወረቀቱ የሰው እጅ አይቶ የማያውቅ ይመስላል። እርሳስ የሚያድለውም ራሱ ነው፤ ያውም ለስላሳውን ብቻ፣ ጠባሳ የማይተወውን። አንድ ክላርኔት ነፊ በእስክሪብቶ ቢጽፍበት አራት ዓመት ሙሉ ሰላምታ ከልክሎታል።

በዚህ ሥራ አርባ ዓመት ሊደፍን አንድ ዓመት ቀርቶታል። ሚስት አላገባም። ለምን እንዳላገባ ጎረቤቱ እትዬ ሬዲዮ ሦስት ምክንያት ታውቃለች፤ ሦስቱንም የፈጠረችው ራሷ ናት። እትዬ ሬዲዮ ከበሩ ማዶ የምትኖር ባልቴት ስትሆን፣ የሕንፃው ግድግዳ ስስ፣ የሷ ጆሮ ደግሞ ስል ነበር። በሕንፃው ውስጥ ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ ተኳራፊዎቹ ራሳቸው የሚሰሙት ከሷ ነው።

እውነተኛው ምክንያት ግን ወሬ የሚሆን አልነበረም። ታናሽ እህቱ ባሏ ጥሏት ሲሄድ የሦስት ዓመት ልጇን ታቅፋ መጣች፤ ሁለት ክፍል ቤቱ ሞላች፤ ለሌላ ሰው ቦታ አልቀረም። በቃ። እህቱ ሆስፒታል ውስጥ ልብስ አጣቢ ነበረች። እሷ እንፋሎትና በረኪና ውስጥ ስትውል ልጅቷ ከአጎቷ ጋር ኖታ ክፍል ትውላለች። ሚጢጢ ይላት ነበር፤ ኋላ አድጋ በአንድ ራስ ብትበልጠውም ሚጢጢ ሆና ቀረች።

ሌላ ልጅ ቤትና ፀሐይ ሲሥል፣ ሚጢጢ የተጣለ ኖታ ጀርባ ላይ አምስት አምስት መስመር እያሰመረች ነጥብ ትለጥፋለች።

«ይሄ ደሞ ምንድነው?» አላት አንድ ቀን።

«ቧንቧው ነው፣ አጎቴ። ሲንጠባጠብ።»

ማታ ለእህቱ «ልጅሽ የቧንቧ ሠራተኛ ልትሆን ነው፣ እወቂው» አላት። እህቱ ሳቀች። ስትስቅ ትከሻዋ ነበር የሚስቀው፤ ድምፅ የላትም።

ልጅቷ የሙዚቃ ደራሲ ሆነች። ያውም ሰው ሰርግ ላይ የሚጨፍርበት ዓይነት አይደለም፤ የዘመኑ ክላሲካል የሚሉት፣ አንዱ ቫዮሊን ሲያለቅስ ሌላው የሚያኮርፍበት፣ ዜማውን ይዘህ ወደ ቤትህ ልትሄድ ስትል ከመንገድ ላይ የሚጠፋብህ። ጋሽ ላጲስ ፊቷ ላይ «ግሩም ነው» ይላታል። ለእትዬ ሬዲዮ ግን «አልገባኝም፤ ግን እሷ የሠራችው ነገር ስህተት ሊሆን አይችልም» ብሏል። እትዬ ሬዲዮም የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ለሕንፃው አሰራጨች።

ከዚያ እህቱ ታመመች። የሳንባ ነገር ነው። አሥራ አንድ ወር በዚያች ጠባብ ክፍል ስትስል ኖረች፤ ሁለቱ ሥራቸውን እየተፈራረቁ አስታመሟት። በክረምት አረፈች። ሚጢጢ በቀብሩ ቀንም ከቀብሩ በኋላም በሰው ፊት አላለቀሰችም። በሯን ዘግታ ትጽፍ ጀመር። የምትጽፈውን ለአጎቷ አላሳየችም፤ እሱም አልጠየቀም። ሆድ ይፍጀው ብሎ ተወው።

በሁለተኛው ዓመት አንድ ደብዳቤ መጣ። የወጣት ሙዚቃ ደራሲዎች ዓለም አቀፍ ውድድር ነበር፤ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ሁሉ ሥራውን በምስጢር ስም ይልካል፣ ዳኞቹ የማን እንደሆነ ሳያውቁ አምስት ይመርጣሉ፣ አምስቱን ኦርኬስትራ ይጫወታቸዋል። ያሸነፈ በታላላቅ አዳራሾች ሥራው ይሰማለታል፤ ሁለት ዓመት ከመጻፍ በቀር ሌላ ሥራ ሳይሠራ ይኖራል። ያላሸነፈ ወደነበረበት ይመለሳል። ሚጢጢ ሠላሳ ሊሞላት ሁለት ወር ቀርቷታል፤ ሌላ ጊዜ የሚባል ነገር አልነበረም። ከሦስት መቶ ሥራ ውስጥ ከአምስቱ አንዷ ሆነች። ነገር ሲገጥም ደግሞ፣ የዚያ ዓመት የፍጻሜው አዳራሽ ጋሽ ላጲስ የሚሠራበት አዳራሽ ሆነ።

ሰውየው ደስታው ሳይበርድለት የአዳራሹ ሥራ አስኪያጅ ወረቀት ይዞበት ወረደ።

«ጋሽ ላጲስ፣ የእህትህ ልጅ ተወዳዳሪ ናት። ደንቡ የታወቀ ነው፤ እስኪያልቅ ድረስ አታነጋግራትም፣ ልምምድ አትገባም፣ ኖታዋን በየተጫዋቹ ፊት ባለው መደርደሪያ ላይ ከማስቀመጥ በቀር አትነካም። ከነካህ ከሥራ ትሰናበታለህ። ፈርም።»

«አብሬያት እኖር የለ እንዴ?»

«አራቱን ቀን ከሌሎቹ ተወዳዳሪዎች ጋር እንግዳ ማረፊያ ትሆናለች።»

ፈረመ። አራቱን ቀን ጣሪያ ጣሪያውን እያየ ዋለ፤ ልምምዱ ከራሱ በላይ ነበርና። የመጀመሪያው ቀን በሚጢጢ ተራ የሰማው ደስ አለው። ሁለተኛው ቀን ላይ ግን ሙዚቃው እየቆመ፣ የሰው ንግግር እየበዛ መጣ። ሦስተኛው ቀን ላይ አንድ ሰው ሲስል፣ አንድ በር የሚንቋቋ የሚመስል ነገር፣ ከዚያም የተጫዋቾች ሳቅ ሰማ።  ይስቁባታል፣ አለ በልቡ። አርባ ዓመት የሚያውቃቸው ሰዎች ናቸው፤ አዲስ ሙዚቃ ሲመጣባቸው እንዴት እንደሚያሽሟጥጡ ያውቃል።

በአራተኛው ቀን የመጨረሻው ልምምድ ከቀኑ አምስት ሰዓት ላይ አለቀ። ኮንሰርቱ አሥር ሰዓት ነው። ጋሽ ላጲስ ወረቀቶቹን ሊያደራጅ ወደ መድረክ ወጣ፤ ሰው የለም። የሚጢጢን ኖታ ከመጀመሪያው መደርደሪያ አነሳ። የቪዮላው ወረቀት ጥግ ላይ መነጽር ያደረገች አህያ ተሥላለች። ሴሎው ላይ «ይሄ ሙዚቃ ነው ወይስ የቧንቧ ብልሽት?» የሚል ተጽፏል።  ቀጥሎ ያለውን ገለጠ፦ «አስቀያሚ አድርገው»። ቀጥሎ፦ «እንደ ዝገት»። ቀጥሎ፦ «አትዝፈን፤ አቃስት»። ኦቦው ላይ፦ «በሩ አይዘጋም»። ትሮምቦኑ ላይ ገጹ ሙሉ በሳል ተሞልቷል፤ «ሳል፣ ሳል፣ አንድ ረጅም፣ ሳል»። ሠላሳ አራት ወረቀት፣ በሠላሳ አራት ሰው እጅ፣ ሠላሳ አራት ፌዝ። አንዱም ላይ የሚጢጢ ጽሕፈት የለም።

በሥራ ዘመኑ ሁሉ ከኮንሰርት በፊት ላጲስ አንስቶ አያውቅም። ሥራው ከኮንሰርት በኋላ ነው፤ ይህን ደግሞ ከማንም በላይ ያውቃል። ያን ቀን ግን አእምሮው ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ልጅቷ ከዳኞቹ ፊት ቀርባ፣ አንዱ ተጫዋች አህያዋን አይቶ ሲስቅ። ያስፈረሙትን ወረቀት ረሳው ማለት ውሸት ነው፤ አልረሳውም። ያባርሩኝ አለ። ወረቀቱን ሰብስቦ ወደ ምድር ቤት ወረደ፣ ምሳውን ተወ፣ አጠፋ። አህያዋንም፣ ዝገቱንም፣ ሳሉንም። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሲል ሠላሳ አራቱም እንደ አዲስ ወረቀት ነጭ ሆነው መደርደሪያው ላይ ነበሩ። በሕይወቱ እንደዚያን ቀን አጽድቶ አያውቅም።

ከመጨረሻው ረድፍ ተቀመጠ። ሚጢጢ ከፊት በጎን በኩል ነበረች፤ ጥቁር ቀሚስ ለብሳለች፣ ያወቃት በእናቷ ቀበቶ ነው። ተጫዋቾቹ ገብተው ወረቀታቸውን ሲገልጡ ቪዮላው ገጹን ወደፊት ገለጠ፣ ወደኋላ ገለጠ፣ ጎኑ ያለውን አየ። ጎኑ ያለውም እሱን አየ። መሪዋ እጇን አንስታለች። ጋሽ ላጲስ «ደንግጠዋል፤ ይበላቸው!» አለ በሆዱ፣ እየተደሰተ።

ሙዚቃው ተጀመረ። አማረ፣ በጣም አማረ፤ ልክ የመጀመሪያው ቀን ከጣሪያው በላይ እንደሰማው። ከዚያ ግን እዚህና እዚያ አንዳንድ ተጫዋች የጠፋበትን ጽሕፈት ማስታወስ ጀመረ። አንዱ ቫዮሊን ሲያቃስት ሌላው ይዘፍናል። አንዱ ቆሞ ሲተነፍስ ሌላው ጥሎት ያልፋል። ሁለት ሙዚቃ በአንድ ጊዜ አንዱ በሌላው ላይ እንደወጣ ሆነ። ትሮምቦን ነፊው የሚስልበትን ቦታ በግምት ፈልጎ በጸጥታው መሐል ብቻውን ሳለ። ሕዝቡ ሳቀ። ሚጢጢ አልተንቀሳቀሰችም፤ እጇ ብቻ ቀበቶዋን ይዞ ነበር።

ሽልማቱ ለሌላ ሄደ። የዳኞቹ ሊቀመንበር ስለሷ ሥራ «ሐሳቡ ያልለየለት» አለ፤ በትሕትና ነው ያለው፣ ትሕትናው ነው የገደለው።

ሚጢጢ ወደ ኖታ ክፍል ስትወርድ ጋሽ ላጲስ ቆሞ ነበር።

«አጎቴ፣ ወረቀቱን ማን ነካው?»

«እኔ።»

«ምን ሆነህ?»

«ሲያፌዙብሽ አይቼ ነዋ! አህያ ሥለውብሽ! አስቀያሚ፣ ዝገት፣ ሳል እያሉ...»

«አህያዋ የቪዮላው ናት፤ ለሁሉም ሙዚቃ ይሥላታል፤ የቧንቧውም ቀልድ የሴሎው ነው። ሌላውን እኔ ነኝ ያልኳቸው።»

«አንቺ?»

«እንደታተመው ሲጫወቱት አማረብኝ። ውሸት ሆነብኝ። መሪዋ ፈቀደችልኝና በያንዳንዱ ተጫዋች ጆሮ ነገርኳቸው፤ በየእጃቸው ጻፉት።» ትንፋሽ ሳበች። «እማዬ ናት፣ አጎቴ። የመጨረሻው ክረምት ነው። በሩ የሷ በር ነው። ሳሉ የሷ ነው።»

ጋሽ ላጲስ አፉን በእጁ ያዘ። ወንበሩ ከኋላው ነበር፤ ሊቀመጥ ሲል ግን አጣው። እሷ ነች ይዛ ያስቀመጠችው። አልጮኸችበትም። 

ከሁሉ የባሰውን የሰማው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው፤ የሰማውም ከእትዬ ሬዲዮ ነው። የራሷ የእትዬ ሬዲዮ የእህት ልጅ አዳራሹ ውስጥ ትኬት ቆራጭ ናት።

«ጋሽ ላጲስ፣ ያን ምሽት ከኖታ ክፍል ስትወጣ ሥራ አስኪያጁ ሚጢጢን ጠርቶ ጠይቋት ነበር አሉ። ወረቀትሽን የነካ ሰው ካለ ንገሪን፣ ደንቡ ይፈቅዳል፣ ውሳኔው ይታገድና ነገ ጠዋት ይደገምልሻል ብሏት።»

«እሷስ?»

«ማንም አልነካውም፤ እኔ ነኝ አጥፉት ያልኩት አለች። እኔማ ገርሞኝ ነው። ምን ነክቷት ይሆን?»

ጋሽ ላጲስ ምን እንደነካት ያውቃል። አንድ ዓመት የቀረው ጡረታና አንድ የተፈረመ ወረቀት ነክቷታል። እሱ ቀድሞ ሄዶ «እኔ ነኝ» ብሎ ቢሆን ኖሮ ይደገም ነበር። ግን መድገም የሚባል ነገር መኖሩን አላወቀም፤ ቢያውቅስ ያን ቀን ከዚያ ወንበር የሚያነሳው ጉልበት ነበረው? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉ የለ። እትዬ ሬዲዮ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቷ የጀመረችውን ወሬ ሳትጨርስ ወደ ቤቷ ገባች፤ ፊቱን አይታ ነው።

ከዚያ በኋላ ሰውየው አንድ ነገር ጀመረ። ወረቀቱን አዘንብሎ ወደ መስኮት ይዞ የእርሳሱን ጠባሳ ሊፈልግ ሞከረ፤ ምንም የለም። ለስላሳ እርሳስ ነው፤ ራሱ ነው ያደለው። ስለዚህ በእግሩ ሄደ። ከሥራ ሲወጣ ኖታውን በብብቱ ይዞ ከተጫዋች ቤት ወደ ተጫዋች ቤት።

«ምን ብላህ ነበር? ቃል በቃል።»

አንዱ ወዲያው ይነግረዋል። አንዱ ሻይ ካላጠጣሁህ ይላል። አንዱ የማያስታውሰውን ያስታወሰ መስሎ ይፈጥርበታል፤ ጋሽ ላጲስ ደግሞ አርባ ዓመት የሰው ጽሕፈት ያነበበ ነው፣ ውሸት ያውቃል፤ «ተወው፣ ነገ እመጣለሁ» ብሎ ይወጣል። ቪዮላው ሲነግረው አለቀሰ። «ጋሽ ላጲስ፣ እዚህ ጋ ‹እናቴ ውኃ ልትጠይቅ ስትል የምትተወው ዓይነት› አለችኝ፤ እኔ ‹ተወው› ብዬ ብቻ ነው የጻፍኩት።» አህያዋንም ልሣላት ወይ ብሎ ጠየቀው። «ሣላት» አለው ጋሽ ላጲስ። «ያን ቀን የነበረ ሁሉ ይመለስ።»

ክላርኔት ነፊው፣ ያ በእስክሪብቶ የጻፈው፣ በሩን ሲከፍትለት ገና ደጃፉ ላይ «ይቅርታ ልትጠይቀኝ ነው የመጣኸው?» አለው። «አዎ» አለ ጋሽ ላጲስ። ክላርኔት ነፊው ይህን አልጠበቀም ነበር፤ ቃሉን ሁሉ ነገረው።

አምስት ወር ፈጀ። ሠላሳ ሦስቱ ሞሉ። ትሮምቦኑ ቀረ። ትሮምቦን ነፊው ከውድድሩ በኋላ ሥራውን ለቆ መርከብ ላይ የሚጫወት ባንድ ውስጥ ገብቷል፤ የት ባሕር ላይ እንዳለ እትዬ ሬዲዮ እንኳ አታውቅም።

ሚጢጢ በዚያ መሐል ሠላሳ ሞላት። አንድ ሩቅ ከተማ ትምህርት ቤት ውስጥ መዝሙር የማስተማር ሥራ አገኘች። መጻፍ ትታለች። በነጋታው ልትሄድ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሻንጣዋን ስታሰናዳ ጋሽ ላጲስ ካርቶኑን አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ምን እንደሆነ አልነገራትም። ከፈተችው።

አንድ ሰዓት ያህል አንድ በአንድ አነበበች፤ እሱ በሩ ጋ ቆሞ። አንዳንዱ ላይ ራሷን ነቀነቀች። ሁለት ቦታ ላይ «እንዲህ አላልኩም፤ ግን ይሁን» አለች። በመጨረሻ ባዶውን አነሳች።

«ትሮምቦኑስ?»

«አላገኘሁትም። አንቺ ሙዪው፤ ያንቺ አይደል።»

እርሳስ ሰጣት። ወረቀቱ ላይ አቀረቀረች።  ከዚያ በስሱ ሳለች፣ ደግማ ሳለች፣ እርሳሱን አስቀመጠች።

«አይመጣልኝም፣ አጎቴ። ያኔ ለትሮምቦን ነፊው እየሳልኩለት ነው የጻፈው። አሁን ስሞክር የራሴ ሳል ነው የሚወጣው።»  «ጠፋብኝ። የእማዬ ሳል ጠፋብኝ።»

ጋሽ ላጲስ አሥራ አንድ ወር በአንድ ግድግዳ ልዩነት ሰምቶታል። በሥራ ቦታም፣ አውቶቡስ ውስጥም፣ እህቱ ከሞተች በኋላም ሲሰማው ኖሯል፤ ለማንም ግን ተናግሮ አያውቅም። በሩን ተደገፈ፣ ደረቱን ያዘ፣ ሳለ። ሁለት አጭር፤ ከዚያ እንደ መዋጥ ያለ፤ ከዚያ አንድ ረጅም፣ መጨረሻው ላይ ፉጨት ያለው።

ከማዶ በር የሆነ ነገር ወድቆ ተሰበረ። እትዬ ሬዲዮ በነጠላ ጫማዋ ወጥታ ኮሪደሩ ላይ ቆመች።

«ጋሽ ላጲስ! አንተ ነህ? አስደነገጥከኝ እኮ!» አለች። «እህትህ የመጣች መሰለኝ።»

 ሚጢጢ እርሳሱን አንስታ ነበር።

«ድገምልኝ» አለችው፣ ቀና ሳትል።

ደገመላት። መስመር በመስመር፣ እየቆመ፣ እየጠበቃት ደገመላት። ስድስተኛው መስመር ላይ ሲደርሱ ሳሉ ወደ ለቅሶ ተለወጠበት፤ ሊያቆም ሲል በእጇ ቀጥል የሚል ምልክት ሰጠችው፤ እሷም መጻፏን አልተወችም።